«እነዚህ ሰዎች ዓይን የላቸውም እንዴ?»

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሶስቱ ስለ ሥዕልና ስለ ፎቶ ስለሆኑ አንድ ላይ አቀረብኳቸው። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ ይረዝምብኛል ይቅርታ፣ በወጣትነቴ ማተሚያ ቤት ሰርቻለሁና እንዲህ አይነት ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ አዲስ አበባ የምኖር ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። አንድ ድርጅት ገጠር ላሉ እናቶች ስለ እጅ መታጠብና ስለ ንጹህ ውሃ ፖስተር ስራልን ብሎኝ ሰራሁ፣ አሁን ፋሽን በሆነው ስታይል ማለት ነው፣ ፊታቸው ባዶ የሆነ ሰዎች፣ ቧንቧ ስር አንድ ትልቅ እጅ ከነሳሙናው፣ ያልተከለለ ምንጭ ላይ ደግሞ ቀይ ኤክስ። ቢሮ ውስጥ ሁሉም ወደደው። ቦታው ድረስ ይዘነው ስንሄድ አንዲት እናት ትኩር ብለው አዩትና «እነዚህ ሰዎች ዓይን የላቸውም እንዴ?» አሉኝ። ሌላዋ እጁን አይታ «ምን ቆረጠው?» አለች። ኤክሱን ሲያዩ ደግሞ «ምንጩ ታጥሮ ነው?» ተባልኩ። አለቃዬ «ሰዎቹ ሥዕል ማንበብ ስላልተማሩ መጀመሪያ ስልጠና ይሰጣቸው» ይላል። ጥፋቱ የኔ ነው የነሱ?

መልስ፦ ያንተ ነው ወንድሜ፣ ያለቃህ ደግሞ ይብሳል። ሥዕል ማንበብ አልተማሩም የተባሉት እናት እኮ ቀኑን ሙሉ ሲያነቡ ነው የሚውሉት። ደጃፍ ላይ እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ካዩ እዚያ ቤት ጠላ አለ ማለት ነው፣ ፊደል የለው ታፔላ የለው። አስፋልት ላይ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ተጥሎ ካየህ ከኩርባው ወዲያ መኪና ተበላሽቶ ቆሟል፣ ይሄን ሹፌሩም እረኛውም ያውቀዋል፣ ከውጭ መጥቶ መኪና የተከራየ ሰው ግን ቅጠሉን ረግጦ ያልፍና ከቆመው አይሱዙ ጋር ይላተማል፣ ያኔ «ማንበብ አልተማረም» የሚለው የለም። በ1997 ምርጫ ጊዜ ንቡ የማን እንደሆነ፣ ሁለት ጣቱ የማን እንደሆነ ስም ሳያነብ የለየው ሰው ስንቱ ነው?

ወደ ዓይኑ ልምጣልህ፣ ምክንያቱም ሴትየዋ የጠየቁህ ዋዛ ጥያቄ አይደለም። የድሮ የቤተክርስቲያን ሥዕላችንን አስበው፣ ጻድቃኑና መላእክቱ ፊት ለፊት ነው የሚሳሉት፣ ሁለቱም ዓይናቸው ትልልቅ ሆኖ ቁልቁል ያፈጥብሃል። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ አሳዳጅ ወታደር ሲሆን ግን በጎን ይሳልና አንድ ዓይን ብቻ ይቀረዋል። የአድዋ ሥዕሎችም ላይ እንደዛው ነው፣ የኛ ሰው ፊቱን ወዳንተ አዙሮ ጣልያኑ በጎኑ ነው የሚታየው። እኚህ እናት ከልጅነታቸው ጀምሮ ሁለት ዓይን ያለው ደግ ሰው፣ አንድ ዓይን ያለው ክፉ ሰው እያሉ አድገው አንተ ጭራሽ ዓይን አልባ አመጣህላቸው፣ ምን ይበሉ? ዓይን ሰው ማን እንደሆነ የሚለይበት ነገር ነው እዚህ አገር፣ አንተ ለማማር ብለህ አጠፋኸው።

ኤክሱንም እንደዛው እየው። ኤክስ «አይሆንም» ማለት እንደሆነ የት ተማርን? ክፍል ውስጥ ነው፣ ቲቸር በቀይ እስክሪብቶ ራይትና ኤክስ ሲያደርግብን። ደብተር ላልያዘ ሰው ኤክስ ሁለት የተጋደመ እንጨት ነው፣ እንጨት ከተጋደመበት ደግሞ ታጥሯል ማለት ነው። እንደውም ካንተ ሥዕል ይልቅ የሳቸው ሃሳብ ሳይሻል አይቀርም፣ የታጠረ ምንጭ ብትስል ይገባቸው ነበር።

ነገርየው ግን ተስቆበት የሚታለፍ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 መጨረሻ ኢራቅ ውስጥ የሆነውን ልንገርህ። ድርቅ ስለነበር መንግስት ለዘር የሚሆን ስንዴ በብዛት ከውጭ፣ አብዛኛውን ከሜክሲኮ አስገባ፣ ዘሩ ፈንገስ እንዳይበላው ሜርኩሪ ባለበት መድሃኒት ታሽቷል፣ መድሃኒቱ እንዲታወቅም ሮዝ የሚመስል ቀለም ተቀብቷል። ጆንያው ላይ ማስጠንቀቂያ አለው፣ ግን በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ። የራስ ቅልና የተጣመረ አጥንት ሥዕልም ነበረበት፣ ያ ምልክት ደግሞ ለኢራቅ ገበሬ መርዝ ማለት አልነበረም። ሰዉ ብልሃት ያጣ እንዳይመስልህ፣ ቀለሙ ነው ችግሩ ብሎ አጠበው፣ ቀለሙ ለቀቀ መርዙ ቀረ። አንዳንዱ ለዶሮ ሰጥቶ ሞከረ፣ ዶሮዋ ምንም ስላልሆነች አስፈጭቶ ዳቦ ጋገረ። መርዙ ሰውን የሚያሳምመው ግን ከሳምንታት በኋላ ነበር። ሆስፒታል የገቡት ብቻ 6,530፣ በይፋ የተመዘገበው ሟች 459 ነው፣ ሆስፒታል ሳይደርስ የሞተውን ሳይጨምር። ማስጠንቀቂያውን ያተመው ሰው እንዳንተ ቢሮ ውስጥ ሆኖ «ግልጽ ነው» ብሎ ይሆናል።

ከዚህ አይነት ነገር የተማሩም አሉ። ሶስት ክንፍ ያለውን የጨረር ምልክት ታውቀዋለህ፣ ቢጫ ላይ ጥቁር፣ እሱ ለማያውቀው ሰው ምንም ስለማይናገር ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ተጨማሪ ምልክት አዘጋጅቶ በ11 አገሮች 1,650 ሰው ላይ አስፈተነው፣ ኬንያም ሞሮኮም ሳውዲም ነበሩበት። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ቀይ ሶስት ማዕዘን ነው፣ ከላይ ጨረር ይወርዳል፣ ስር ራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው አለ። ስታየው አያምርም፣ ዲዛይን አዋርድ ምናምን አያሸልምም፣ ግን ሩጥ እንደሚል ይገባሃል።

እና አሁን ምን አድርግ? ፖስተሩን ጽሁፉን አውጥተህ ይዘኸው ተመለስ፣ እናቶቹን አንድ በአንድ አሳይ። «ገብቶዎታል?» ብለህ እንዳትጠይቅ ግን፣ በይሉኝታ «አዎ ልጄ በደንብ» ይሉሃል፣ ሻይ ቡና ሁሉ ይጋብዙሃል፣ ሥዕሉ ግን አልገባቸውም። «ምን ይታይዎታል? ሴትየዋ ምን እያደረገች ነው? ቀጥሎ ምን ታደርጋለች?» በል፣ ከዛ ዝም ብለህ ስማ። ሰው ስትስል ሙሉ ሰው ሳል፣ እጁ ከትከሻው ጋር፣ ዓይኑ ከነቅንድቡ። ቧንቧዋን ደግሞ አንሳት፣ እዚያ ሰፈር ቧንቧ ከሌለ ማን በቧንቧ ይታጠባል? በሃይላንድ ወይ በጆግ ውሃ የምታፈስ ልጅና የሚታጠቡ እናት አድርገው። ያለቃህን ስልጠና በተመለከተ፣ ስልጠናውን እነሱ ለአለቃህ ይስጡት።

ጥያቄ፦ ሃይ፣ ዱባይ የውበት ሳሎን ውስጥ ነው የምሰራው። የደንበኞችን ጸጉር በፊትና በኋላ እያነሳሁ ጎን ለጎን አድርጌ እለጥፋለሁ። አንዷ አረብ ደንበኛ አይታው «ጸጉሯን አበላሻችሁት እንዴ?» ብላ ደነገጠች። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ እህቴ ምንም አላጠፋሽም፣ ከግራ ስለጀመርሽ ነው። አረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ ዓይናቸውም ከቀኝ ነው የሚነሳው፣ ያንቺን ያማረ ፎቶ ቀድመው ያዩና ከዛ ወደ ተበላሸው ይሄዳሉ፣ ስለዚህ አበባ ገብታ እሾህ ሆና የወጣች ይመስላቸዋል። እስራኤል ያላችሁም ይሄ ይመለከታችኋል፣ ዕብራይስጡም ከቀኝ ነው። ስልክሽን አረብኛ ብታደርጊው ታይዋለሽ፣ የመመለሻው ቀስት ራሱ ይገለበጣል። ሁሉም ነገር ግን አይገለበጥም፣ ቁጥር ከግራ ወደ ቀኝ እንደተጻፈ ነው የሚቀረው፣ የቪዲዮ ማጫወቻው ምልክትም ወደዛው ወደ ቀኝ እንደዞረ ነው፣ ስለዚህ ዝም ብለሽ ሁሉን በመስታወት እንዳታገላብጪ፣ ዋጋ የጻፍሽበት ከሆነማ ጉድ ነው።

ያንቺ ደንበኛ ግን ሐበሻም አረብም ፊሊፒኖም ነው አይደል? እንግዲያው ጎን ለጎኑን ተይውና አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አድርጊው፣ ከላይ ወደ ታች ማየት ሶስቱም ጋ አንድ ነው። በአረብኛም ጻፊበት፣ በፊቱን «ቀብል» በኋላውን «ባዕድ» ይሉታል። ባዕድ ሲሉሽ እንዳትደነግጪ፣ ደንበኛዬን የማትታወቅ ሰው አድርጌያታለሁ ማለት አይደለም፣ ምንም እንኳ አንዳንዴ ቀለሙ ሲበዛ ቢያስብልም።

ጥያቄ፦ ልጄ እንደምን አለህ፣ እኔ ሜሪላንድ የምኖር የ60 ዓመት ሴት ነኝ። የምሰራበት ክሊኒክ ለነፍሰ ጡር ሐበሻ እናቶች ብሮሹር ሊያሳትም ነው፣ ሽፋኑ ላይ ነጠላ ያደረገች ቆንጆ ልጅ አለች፣ ከጎኗ በአማርኛ «እንኳን ደስ አለሽ» የሚል ተጽፏል። ነገር ግን ነጠላውን አዘቅዝቃዋለች። ለነሱ ብነግራቸው የሚገባቸው አልመሰለኝም፣ ዝም ልበል?

መልስ፦ እትዬ በፍጹም ዝም እንዳይሉ። ጥለቱ ወደ አንገት ወጥቶ ያየ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «ማን ሞተባት?» ነው፣ እሱን ደግሞ ነፍሰ ጡር ሴት እጅ ላይ ማስቀመጥ አይሆንም። በቃል ለማስረዳት አይድከሙ፣ ጥለቱ ወደ ታች ሆኖ ሠርግ ላይ የተነሱትን ፎቶና የለቅሶ ፎቶ አንድ ላይ ይላኩላቸው፣ ከስሩ «ይሄ ደስታ፣ ይሄ ሐዘን፣ የናንተ ሽፋን ሁለተኛው ነው» ብለው ይጻፉ፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ፎቶውን ግራና ቀኝ ገልብጠን እናስተካክለው ካሉ እሺ እንዳይሉ፣ ጥለቱ ያው ላይ ነው የሚሆነው። ልጅቷን ጠርተው ነጠላዋን አዙረው እንደገና ያንሷት፣ እርስዎም እዚያው ቆመው ያልብሷት።