ስታሊንግራድን በአየር መቀለብ ለምን አልተቻለም?

ጥያቄ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስታሊንግራድ ላይ ለተከበበው የጀርመን 6ኛ ጦር ስንቅ በአውሮፕላን ይላክለት ነበር። ታዲያ ለምን በረሃብ አለቀ?

መልስ፦ ስሌቱ ከመነሻው አያስኬድም ነበር። ከበባው የተዘጋው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1942 ነው። ጦሩ በትንሹ በቀን 300 ቶን ምግብ፣ ነዳጅና ጥይት ያስፈልገዋል፤ የጀርመን አየር ኃይል አዛዥ ጎሪንግ ግን 500 ቶን አደርሳለሁ ብሎ ለሂትለር ቃል ገባ። ዋናው የጭነት አውሮፕላን፣ ዩንከርስ 52፣ የሚጭነው 2 ቶን ያህል ብቻ ነው። 300 ቶን ማለት እንግዲህ በየቀኑ 150 የተሳካ በረራ ማለት ነው፤ ያውም ሞተር አልነሳ በሚልበት፣ ክንፍ ላይ በረዶ በሚጋገርበት የሩሲያ ክረምት! በተግባር የደረሰው በአማካይ 100 ቶን ገደማ ነበር። ዲሴምበር 24 የሶቪየት ታንኮች ዋናውን መነሻ፣ የታትሲንስካያን አየር ማረፊያ፣ ሰብረው ገቡ። አውሮፕላኖቹ ወደ ሩቅ ማረፊያ ሲሸሹ መንገዱ ረዘመ፣ ምልልሱም ቀነሰ። በከበባው ውስጥ የነበረው የፒቶምኒክ አየር ማረፊያ ጃንዋሪ 16 ተያዘ፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላው ማረፊያ፣ ጉምራክም፣ ተከተለ። ከዚያ ወዲያ ስንቁ በጃንጥላ ይጣል ጀመር፤ ብዙውም በረዶ ውስጥ ጠፋ። አብራሪዎቹን መውቀስ ግን ተገቢ አይደለም፤ ጦሩ ገና አቅም ሳለው ሰብሮ እንዳይወጣ የከለከለው ሂትለር ነው። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1943 የመጨረሻዎቹ እጅ ሲሰጡ የተማረኩት 91,000 ያህል ነበሩ።