ስለ ፓራዶክስ የታሪክ ጌሞች፦ ጎንደር ካሉ ተጫዋቾች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በጎንደር የምትገኙ ወጣቶች ስለ ፓራዶክስ ኢንተራክቲቭ የስትራቴጂ ጌሞች የላካችሁልኝን ጥያቄዎች በጥሞና አንብቤአለሁ። ታሪክ የማስተምርና እነዚህን ጌሞች ለብዙ ዓመታት የተጫወትሁ በመሆኔ እንደሚከተለው እመልሳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፓራዶክስ ጌሞቹን ራሱ ይሠራል ወይስ የሌሎችን ሥራ ብቻ ያሳትማል?

መልስ፦ ሁለቱንም ያደርጋል። መቀመጫው ስዊድን፣ ስቶክሆልም ሲሆን ስሙን ያስጠራው በ2000 የወጣው ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ ነው፤ ይህም ቀደም ሲል ፈረንሳይ ውስጥ ካርታ ዘርግተው ይጫወቱት ከነበረ የጠረጴዛ ጨዋታ የመነጨ ነው። ሲቲስ ስካይላይንስ የተባለውን የከተማ ግንባታ ጌም ግን የሠራው የፊንላንዱ ኮሎሳል ኦርደር ነው፤ ፓራዶክስ አሳታሚው ነበር።

ጥያቄ፦ የጎንደርን ዘመን የምናገኘው በየትኛው ጌም ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሜ ልመልሰው የፈለግሁት ነበር። ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4 የሚከፈተው በ1444፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በነገሡበት ዘመን ነው፤ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 ስለሆነ፣ የግራኝ አህመድን ጦርነትና የዐፄ ሱስንዮስን የሃይማኖት ቀውስ ዘመን ሳያልፉ ወደ ከተማችን ዘመን መድረስ አይቻልም። ጌሙ እስከ 1821 ስለሚዘልቅ ግን የጎንደር ነገሥታት ዘመን ከሞላ ጎደል በውስጡ ይገባል።

ቪክቶሪያ 3 የሚጀምረው በ1836፣ ማለትም ከተማዋ ከተቆረቆረች ልክ 2 መቶ ዓመት በኋላ ነው። ያ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ በጎንደር ንጉሠ ነገሥት ቢኖርም ሥልጣኑ በየጁው ራስ ዓሊ እጅ ነበር፤ የቋራው ካሳ ገና ወጣት ነበሩ። ከእነዚህ ጌሞች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ፤ የአገርን ጉልበት ከጦር ሜዳ ይልቅ በገበያው፣ በእርሻውና በመደቦች ፍላጎት በኩል ያሳያልና።

ሃርትስ ኦፍ አይረን 4 ደግሞ በጥር 1936፣ የጣልያን ወረራ እየተካሄደ ሳለ ይከፈታል። በ2022 የወጣው ባይ ብለድ አሎን የተባለው ተጨማሪ ክፍል (ለብቻው የሚሸጥ የጌሙ ማስፋፊያ) ለኢትዮጵያ የራሷን የብሔራዊ ዕቅድ ዛፍ፣ ማለትም ተጫዋቹ በየተራ የሚመርጣቸውን የአገር ዕቅዶች፣ ሰጥቷታል። የጣልያኑ ጀኔራል ጉሊዬልሞ ናሲ በኅዳር 1941 እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር መሆኑን፣ በፒያሳ ሕንፃዎች አጠገብ የምታልፉ ሁሉ እያሰባችሁ ብትጫወቱ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ተጨማሪ ክፍሎቹ ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም መግዛት ግዴታ ነው?

መልስ፦ ግዴታ አይደለም። ተጨማሪ ክፍል በወጣ ቁጥር ለሁሉም ተጫዋች ነጻ ማሻሻያ አብሮ ይወጣል፤ ስለዚህ የምትጫወቱበትን አገር የሚመለከተውን ብቻ ግዙ። በቡድን ስትጫወቱም ጨዋታውን የሚከፍተው ሰው ክፍሎቹ ካሉት ሌሎቹም አብረው ይጠቀሙባቸዋል፤ አምስት ጓደኛሞች አምስት ጊዜ መክፈል የለባቸውም። የጀመራችሁት ጨዋታ ሳያልቅ ማሻሻያ ከመጣ ግን፣ ስቲም በተባለው የጌም መሸጫና ማውረጃ ፕሮግራም ላይ የቀድሞውን እትም መርጣችሁ ጨርሱት።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው፤ በምን ልጀምር?

መልስ፦ በክሩሴደር ኪንግስ 2 ጀምር፤ ዋናው ክፍል ከ2019 ጀምሮ በነጻ ይገኛል። ዘመኑ እየገፋ ሲሄድ ጨዋታው ቢዘገይብህ አትደንግጥ፤ ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን መስፍንና ባላባት ውሳኔ ስለሚያሰላ ነው። ስለዚህ የጨዋታውን ፍጥነት ዝቅ አድርገህ ተጫወት።

ጥያቄ፦ ወደ አማርኛ መተርጎም ይቻላል?

መልስ፦ ጽሑፎቹ ማንም ሰው ከፍቶ ሊያርማቸው በሚችል ተራ ፋይሎች ተቀምጠዋል፤ ስለዚህ ትርጉሙ ራሱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ፊደሉ ነው፤ በተለይ የቆዩት ጌሞች ፊደላቸውን እንደ ሥዕል ስለሚይዙ፣ ከሀ እስከ ፐ ያሉት ሁሉ ከነእርባታቸው በቅድሚያ ተሥለው መግባት አለባቸው። ይህን ሥራ ለመጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ የሹመቶቹንና የቦታዎቹን ስም ለማረም እኔ ዝግጁ ነኝ።