«እንስሳው ማነው?» ጨዋታ ለትንንሽ ልጆች፦ ጥያቄና መልስ ከሀዋሳዋ ኬጂ ቲቸራችን ጋር

አስተባባሪ፦ ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ እዚህ ሀዋሳ ኬጂ የምታስተምረው ቲቸራችን ስለ እንስሳ ግምት ጨዋታ ትመልሳለች። አንዱ እንስሳ በልቡ ይይዛል፣ ሌላው እየጠየቀ ወይ ፍንጭ እየሰማ ያገኘዋል፣ ያው የእንቆቅልሽ ዘመድ ነው። ጠይቁ።

ቲቸር፦ እሺ። አንደኛ የልጁን ዕድሜ ሳትፅፉ አትጠይቁ። ሁለተኛ የእንስሳውን ስም ቀድማችሁ አትንገሩት። ስም መጨረሻ ነው የሚመጣው።

የናቲ እናት፦ ቲቸርዬ ናቲ 4 ዓመቱ ነው፣ ፍንጩን ሳልጨርስ «አንበሳ! ዝሆን! ነብር!» እያለ ስም ይደረድራል። ምን ይሻላል?

ቲቸር፦ እናቴ አንበሳ የት አይቶ ያውቃል? ስልክ ላይ ነው ያየው፣ ስለዚህ ስሙን ይዟል እንጂ ስለሱ የሚያወራው ነገር የለውም። በዓይኑ ከሚያያቸው ጀምሪ። ግቢ ውስጥ ዶሮ ካለ ውሃ በጣሳ አስቀምጪና አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ዶሮ ምንቃሯን ውሃው ውስጥ ትነክርና አንገቷን ወደላይ ቀና አድርጋ ነው የምትውጠው። እርግብ ግን ቀና አትልም፣ ምንቃሯን እንደነከረች ስባ ትጠጣለች። አንቺ ምንም አትበይ፣ ሁለቱን አይቶ ልዩነቱን ራሱ እስኪናገር ጠብቂው፣ አንድ ቀን ባይሆን በሌላ ቀን ይላታል። ከዛ ማታ ላይ «እንቆቅልሽ? ውሃ ስትጠጣ ሰማይ የምታይ» በዪው፣ ያኔ ስም መደርደሩን ይተዋል ምክንያቱም የሚያስበው ነገር አለው።

ላምና አህያም እንደዛው። ከተኙበት ሲነሱ እዩዋቸው፣ ላም መጀመሪያ የኋላዋን ነው የምታነሳው፣ አህያ ደግሞ በፊት እግሯ ነው የምትጀምረው። ስንት ትልቅ ሰው ከላም ጋር አድጎ ይሄን ልብ ያላለ አለ። በግና ፍየልም ከሩቅ በጭራ ይለያሉ፣ የፍየል ቀና ያለ ነው የበግ ወደታች የተንጠለጠለ።

የኤፍራታ አባት፦ ከስንት ዓመት ነው የሚጀመረው?

ቲቸር፦ ማየቱ ገና መናገር ሳይጀምሩ። ድምፅና እንቅስቃሴ መምሰል ከ2 ዓመት ገደማ፣ ፍንጭ ሰምቶ መገመት 3 ዓመት አካባቢ፣ እነሱ ራሳቸው ፍንጭ ሰጥተው ማጫወት ግን አብዛኞቹ ከ4 በኋላ ነው። አትጣደፉ።

ሚሚ ፒያሳ፦ ልጄ ቋንቋው ደካማ ነው ምን ትመክሪኛለሽ?

ቲቸር፦ ዕድሜ? ደካማ ስትይ ምን ማለት ነው? እንዲህ ተብሎ አይመለስም እህቴ።

ሚሚ ፒያሳ፦ ይቅርታ፣ 5 ዓመቷ ነው። ታወራለች ግን ሁሉም ነገር «እንደዚህ ያደርጋል» ነው፣ በእጇ ታሳያለች።

ቲቸር፦ አሁን ገባኝ፣ ይሄ ጥያቄ ደስ ይለኛል። የጎደላት ስም አይደለም፣ የሚሆነውን የሚናገር ቃል ነው። እኛ ልጆችን ላም፣ ፍየል፣ ዶሮ እያልን ስም እናስቆጥራለን፣ ምን እንደሚያደርጉ ስንናገር ግን ሁሉም «ይበላል» ይሆናል። ላም ሳር ትግጣለች፣ ፍየል ቅጠል ትቀነጥባለች፣ ዶሮ ጥሬ ትለቅማለች፣ ውሻ አጥንት ይቆረጥማል። ላም ሆዷ ከሞላ በኋላ ተኝታ ታመሰኳለች። ዶሮ አፈር ትጭራለች፣ እንቁላል ጥላ ታስካካለች። አህያ ታናፋለች፣ ፈረስ ያሽካካል፣ በሬ ያገሳል። ጥጃ፣ ግልገል፣ ውርንጭላ፣ ቡችላ፣ ጫጩት ደግሞ አለልሽ፣ «ትንሽዬ ላም» የሚል ልጅ በዝቷል። በእጇ ስታሳይሽ «አሃ፣ ጫረች!» ብለሽ ቃሉን አቀብያት እንጂ «በትክክል ተናገሪ» አትበያት። ከዛ በነሱ ቃላት ብቻ ተጫወቱ፣ «የሚጭር፣ የሚለቅም፣ የሚያስካካ ማነው?» ስሙን ግን ቀድመሽ አትንገሪያት።

አቤል ባጃጅ፦ ቲቸር እኔ እሁድ እሁድ ልጄን ሀይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደል እወስደዋለሁ፣ 5 ዓመቱ ነው። ጦጣዎቹን ይወዳል፣ በተለይ ጥቁርና ነጩን ጦጣ።

የሀይቅ ዳር ልጅ፦ ወንድሜ ጥቁርና ነጩ ጉሬዛ ነው፣ ጦጣ አይደለም።

አቤል ባጃጅ፦ ያው አንድ ነው፣ ሁሉም ዝንጀሮ ነው።

የሀይቅ ዳር ልጅ፦ እንዴት አንድ ይሆናል? ዝንጀሮ ደግሞ ሌላ ነው። ሀዋሳ ተወልደህ ጉሬዛ አታውቅም?

አቤል ባጃጅ፦ ልጄ ገና 5 ዓመቱ ነው ባክህ፣ ዩኒቨርሲቲ አልገባም።

ቲቸር፦ ተረጋጉ። ጉሬዛ ነው፣ ግን አቤል ለልጁ «ጉሬዛ ነው» ብለህ እንዳትዘጋው። ግራጫዋን ጦጣና ጉሬዛውን አንድ ላይ ስታገኝ «ምናቸው ይለያል?» በለው። ጉሬዛ ከጎንና ከጎኑ የተንዠረገገ ነጭ ፀጉር አለው፣ ጭራው ጫፉ ላይ ነጭ ብጥር ያለ ነው፣ አውራ ጣት ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል፣ ጉጥ ነገር ብቻ ናት ያለችው፣ ቅርንጫፍ ሲይዝ በአራት ጣቱ ነው። ቀርቦ ካላየው ልጅህ በራሱ እጅ አውራ ጣቱን አጥፎ ቅርንጫፍ ይያዝና ይሞክረው። ግልገሉ ሲወለድ ሙሉ ነጭ ነው፣ ካጋጠማችሁ ዕድለኛ ናችሁ። አመጋገባቸውም ይለያል፣ ጉሬዛ በብዛት ቅጠል በሊታ ነው፣ ጦጣዋ ግን ያገኘችውን ነው፣ ሙዝህንም ከእጅህ ትነጥቅሃለች።

አደራ፣ ምግብ አትስጧቸው! ለፎቶ ብላችሁ ለልጅ ለውዝ አስይዛችሁ ጦጣ ትከሻው ላይ የምታስወጡ አላችሁ። ትነክሳለች፣ ትቧጭራለች። ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና ውሃ በደንብ አጥባችሁ በዛኑ ቀን ሀኪም ቤት። ምግብ የለመደች ጦጣ ደግሞ ዓይኗ ፌስታላችሁ ላይ ነው፣ ልጁ የሚያየው ባህሪዋን ሳይሆን ልመናዋን ነው።

ትግስት፦ አባ ኮዳስ፣ ሀይቁ ዳር የሚቆመው ትልቁ ወፍ? ልጄ (4) ይፈራዋል።

ቲቸር፦ ይፍራ፣ ከሩቅ ይይ። ራሱ ላይ ላባ እንደሌለው፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ኮሮጆ፣ አሳ ሲመተር ትርፍራፊ ጠብቆ እንዴት እንደሚቆም ካየ ይበቃዋል።

የማርኮን አባት፦ እኔ ሲዳምኛ ነው የማወራው፣ እናቱ አማርኛ። 3 ዓመቱ ነው። ጨዋታውን በሁለቱም ብንጫወት አይምታታበትም?

ሰላም ኤም፦ ለምን በእንግሊዘኛ አይሆንም? ትምህርት ቤት ሲገባ የሚጠየቀው እሱን ነው።

የማርኮን አባት፦ አያቱ ጋ ሲሄድስ በምን ያውራ?

ሰላም ኤም፦ እኔ ለልጁ ብዬ ነው፣ ዘመኑን እያየን።

የናቲ እናት፦ ናቲ የእንስሳ ስም በእንግሊዘኛ ይደረድራል፣ ላም ምን ታደርጋለች ስለው ግን ዝም ነው።

ቲቸር፦ አይምታታበትም። አንተ በሲዳምኛ አጫውተው፣ እናቱ በአማርኛ፣ ሁለታችሁም ጠለቅ ያለ ቃል ባላችሁበት ቋንቋ። 3 ዓመት ላይ ቢደባልቅ ችግር የለውም። የእንግሊዘኛውን ክርክር በውስጥ ጨርሱ፣ የናቲ እናት ግን ነጥቡን ብላዋለች።

ሀና፦ ልጄ 3 ዓመት ሞላው አንድም ቃል አይልም፣ ይሄ ጨዋታ ያናግረዋል?

ቲቸር፦ ሀኒዬ በጨዋታ አትጠብቂ፣ ሀኪም ጋ ውሰጂው፣ መስማቱም ይታይ። ይሄ የኔ ሙያ አይደለም።

ዮናስ ታቦር፦ እንቆቅልሹ ላይ «አገር ስጠኝ» የሚባለው ይቅር ወይ? የተሸነፈው ሲሰደብ ልጄ (6) ያለቅሳል።

እማማ ሀይቅ ዳር፦ እንዴት ይቀራል ልጄ፣ ጣዕሙ እኮ እሱ ነው! እኛ ጎንደርን ሰጥተን ስንሰደብ ስቀን ነው ያደግን።

ቲቸር፦ እማማ ልክ ኖት፣ አገር መስጠቱ አይቅር። ስድቡን ግን ለትንንሾቹ ቀይሩት፣ አገር የወሰደው አንድ ተጨማሪ ፍንጭ ይስጥና ያ ልጅ እንደገና ይሞክር።

ቤዛ፦ ጥሩ ኬጂ ጠቁሚኝ እስቲ?

ቲቸር፦ አልጠቁምም።

ኪያ፦ ቲቸር ከስንት ዓመት ነው የሚጀመረው?

ቲቸር፦ ከላይ ተመልሷል፣ አንብቡ እንጂ! ዕድሜ ሳትፅፉ የጠየቃችሁ ዕድሜውን ጨምራችሁ ድገሙት፣ ነገ ከክፍል በኋላ እመለስበታለሁ።