ራዳሩ 22 ሚሊ ሜትር፣ መለኪያዬ 13፦ የቱን ልመን?

ጥያቄ፦ በቆሎዬ ጸጉር ሊያወጣ ተቃርቧል። ትናንት ሌሊት ዘነበ። ስልኬ ላይ ያለው የራዳር ካርታ 22 ሚሊ ሜትር ይላል፤ ማሳዬ ውስጥ የተከልኩት ዝናብ መለኪያ ግን የያዘው 13 ነው። በየትኛው ልወስን?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለውሃ ማጠጣቱ መለኪያዎን ይመኑ። በቆሎ በዚህ ሰሞን ውሃ ከጎደለበት ፍሬው ይሳሳል። የ9 ሚሊ ሜትሩ ልዩነት ደግሞ በሄክታር 90 ሺህ ሊትር ውሃ ነው። ትንሽ አይደለም።

ራዳሩ ዋሸ ማለቴ ግን አይደለም። ራዳር ውሃውን አይለካም። ሞገድ ይልካል፣ ከጠብታዎቹ ነጥሮ የሚመለሰውን ይቀበላል፣ ከዚያ በቀመር ወደ ሚሊ ሜትር ይቀየራል። ጣጣው እዚህ ጋ ነው። አንድ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ጠብታ የሚይዘው ውሃ የ8 ባለ 1 ሚሊ ሜትር ጠብታዎችን ያህል ነው። የሚመልሰው ሞገድ ግን የ64ቱን ያህል! ስለዚህ ትልልቅ ጠብታ የበዛበት ዝናብ ራዳሩ ላይ ከልክ በላይ ይገዝፋል፤ ካፊያ ደግሞ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ1948 ተመራማሪዎቹ ማርሻልና ፓልመር ያወጡት ቀመር ዛሬም ይሠራበታል። እሱም ቢሆን የተለመደ ዓይነት ዝናብን እንጂ የእያንዳንዱን ሌሊት ጠብታ አያውቅም።

ከዚህ ሌላ ራዳሩ የሚያየው ሰማይ ላይ ያለውን ነው። ጠብታው እስኪወርድ ንፋስ ይገፋዋል፣ ደረቅ አየር ይመጠዋል። እየቀለጠ ያለ በረዶ ካጋጠመውም ኃይለኛ ዝናብ ይመስለዋል።

ባለሙያዎች ይህን የሚያጣሩት መሬት ላይ ዲስድሮሜትር ተክለው ነው። ጠብታዎቹን አንድ በአንድ በጨረር ይለካል። ከጎኑ ቀጥ ብሎ ሽቅብ የሚያይ ራዳር ያቆማሉ። ሁለቱን ደቂቃ በደቂቃ ቢያስተያዩአቸው ግን ወዲያው አይገጥሙም። ዝናብ ሲጀምር አቧራው ላይ መጀመሪያ ጧ ጧ የሚሉት ትልልቆቹ ጠብታዎች መሆናቸውን አስተውለው ይሆናል። ፈጣኖች ስለሆኑ ይቀድማሉ። ባለ 1 ሚሊ ሜትሩ በሰከንድ ወደ 4 ሜትር ስለሚወርድ ከ300 ሜትር ከፍታ ለመድረስ ከ1 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ይህ መዘግየት ካልተስተካከለ ንጽጽሩ ከንቱ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ መለኪያ። አፉ ውሃ ልክ ነው? ቅጠል አልገባበትም? ዛፍ ወይም ቤት አጠገቡ ካለ ቢያንስ የቁመቱን ሁለት እጥፍ ይራቅ። ንፋስ ሲበረታ መለኪያው ራሱ አሳንሶ ይይዛል፤ ስለዚህ እውነተኛው ዝናብ ከ13 ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል።

ሁልጊዜ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት ያንብቡና የራዳሩንም ቁጥር ከጎኑ ይጻፉ። የአንድ ሌሊት ልዩነት ብዙ አይነግርዎትም። የወቅቱን ድምር ሲያዩ ግን ራዳሩ እርስዎ ጋ ያበዛል ወይስ ያሳንሳል የሚለው ይለይልዎታል። ያኔ መለኪያ ላልተከሉበት ማሳ የራዳሩን ቁጥር አስተካክለው መጠቀም ይችላሉ።