ቴዎዶሪክ የቴዎድሮስ ፈረንጅኛ አይደለም

እህቴ፣ «ልጃችን ጀርመን ሊወለድ ነው፤ አያቱ ቴዎድሮስ ይባል ይላሉ፤ ለወረቀቱ ቴዎዶሪክ ብንለው ያው ነው አይደል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ያው አይደለም። እኔም እዚሁ ነው የምኖረው፤ ልጄም ቴዎድሮስ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ውስጥ ገብቼበታለሁ።

ቴዎድሮስ ከግሪክ የመጣ ነው፤ የእግዚአብሔር ስጦታ። ቴዎዶሪክ ውስጥ ግን እግዚአብሔር የለም። የጎቶች፣ የጥንት ጀርመናዊ ሕዝብ፣ ስም ነው። በእነሱ አፍ «ቲውዳሪክስ» ለሚለው የቀረበ ነበር። «ቲውዳ» ሕዝብ፣ «ሪክስ» ገዢ ነው። በላቲን ሲጻፍ ግን ቀስ በቀስ ለጆሮ ወደለመደው ወደ ግሪኩ ስም ተጠጋ። ግራ የሚያጋባው ይኸው አጻጻፍ ነው።

«የሕዝብ ንጉሥ» እያሉ የሚጽፉም አሉ። እኔ ብዙም አይጥመኝም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ጳጳሱ ዉልፊላ ወደ ጎቶች ቋንቋ በመለሰው ወንጌል ንጉሥ የሚባለው «ቲውዳንስ» ነው። «ሪክስ» ማቴዎስ 9፥18 ላይ ልጁ ሞታበት የመጣው ሰውዬ ነው። የእኛው መጽሐፍ ቅዱስ «መኰንን» የሚለው። ስለዚህ «የሕዝብ አለቃ» ቢባል ይሻላል።

በስሙ በጣም የታወቀው ታላቁ ቴዎዶሪክ ነው፤ የምሥራቅ ጎቶች ንጉሥ። በልጅነቱ ቁስጥንጥንያ ውስጥ መያዣ ሆኖ አደገ። እ.ኤ.አ. በ493 የጣሊያኗን ከተማ ራቬናን ያዘ። ተቀናቃኙን ኦዶአካርን ከታረቀ በኋላ ግብዣ ላይ በገዛ እጁ ገደለው። (አያትየው ይህን ከሰሙ ሐሳብ ይቀይሩ ይሆናል።) የሞተው በ526 ነው፤ ከእኛው አፄ ካሌብ ጋር የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው። መቃብሩን ራቬና ሄጄ አይቻለሁ። ጣሪያው ወደ 10 ሜትር የሚሰፋ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። እንዴት አድርገው እዚያ ላይ እንዳወጡት እንጃ!

ስሙ ዝም ብሎ አልወጣለትም። አባቱ ቴዎዴሚር ነበር፤ «ቲውዳ» ከአባት ወደ ልጅ ወረደች። ዘራቸው አማል ስለሚባል ደግሞ እህቱ አማላፍሪዳ፣ ልጁ አማላሱንታ፣ የልጅ ልጁ አማላሪክ ተባሉ። ቁራጮቹን እየገጣጠሙ ነው ስም የሚያወጡት።

ስሙ ዛሬም አለ። ጀርመን ዲትሪሽ፣ ሆላንድ ዲርክ፣ ፈረንሳይ ቲየሪ፣ እንግሊዝ ዴሪክ ሆኗል። ጀርመኖች ራሳቸውን የሚጠሩበት «ዶይች»ም ከዚሁ የ«ሕዝብ» ሥር የወጣ ነው።

እንግዲህ የቴዎድሮስ እውነተኛ ወንድም እዚህ ቴዎዶር ነው። እኔን ብትሰሚኝ ግን ቴዎድሮስ ብለሽ እንዳለ አስመዝግቢው። ይጽፉታል፤ ፊደል በፊደል መንገር ብቻ ነው። መዋለ ሕፃናት ሲገባ ግን የትኛውንም ብታወጪለት «ቴዮ» ማለታቸው አይቀርም።