መልስ፦ ኤኤፍዲን የመረጠ ጎረቤት ይኮረፋል ወይ?

ወንድሜ፣ «እዚህ ጀርመን ኤኤፍዲን (ስደተኛ የሚቃወመውን ቀኝ አክራሪ ፓርቲ) የመረጠ ጎረቤት አለኝ፤ ላውራው ወይስ ልራቀው? ፖለቲከኞቹስ መድረክ ይሰጣቸው?» ላልከው፣ እኔ ሁለቱን ጥያቄ ለየብቻ ነው የማየው።

በየካቲት 2025 ምርጫ (ሁሉም ዓመት በፈረንጅ ነው) ፓርቲው 20.8 በመቶ አገኘ። ከአምስት መራጭ አንዱ መሆኑ ነው፤ ይህን ሁሉ ሰው አኩርፈህ የት ትኖራለህ? በ2013 ሲመሠረት እኮ ዋና ጠቡ ከዩሮ ጋር ነበር፤ ስደተኛው ላይ የዞረው በኋላ ነው። ጎረቤትህን ምን እንዳንገበገበው ጠይቀው። «ወደ አገርህ ግባ» ካለህ ግን ዝም አትበለው።

ፖለቲከኞቹ ላይ ጠንከር እላለሁ። ክርክር ይሁን፣ ሥልጣን መጋራት ግን ሌላ ነገር ነው። ሌሎቹ ፓርቲዎች ከእነሱ ጋር ላለመሥራት ያቆሙትን አጥር «የእሳት መከላከያ ግንብ» ይሉታል። በጥር 2025 መጨረሻ የያኔው የተቃዋሚ መሪ የሜርስ የስደት ውሳኔ ሐሳብ በፓርላማ በኤኤፍዲ ድምፅ ሲያልፍ ግንቡ ተሰነጠቀ ተብሎ ስንት ሕዝብ አደባባይ ወጣ!

«እኛ ሌሎቹ ፓርቲዎች በስደት ላይ ያላቸውን አቋም ብንወስድ ኤኤፍዲዎች ይከስማሉ» የሚሉ፣ ይህን ያደረገችውን ዴንማርክን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ ስደተኛ የሚቃወመው የዴንማርክ ሕዝብ ፓርቲ በ2015 ከነበረው 21.1 በመቶ በ2022 ወደ 2.6 ወርዷል። ነገር ግን ጥብቁ የስደት ሕግ የመንግሥት ፖሊሲ ሆኖ ቀረ። መኖሪያ ፈቃድ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ምኑ ድል ነው?

እኔ የራሴን ጎረቤት ቡና ጠርቼው ነበር። አቦሉ ላይ ስለ ስደተኛ አወራ፤ ቶናው ላይ ስለ ጡረታው ማነስ።