መልስ፦ እናቴ ሕክምናዋን ጨርሳለች፣ ታዲያ ለምን ትፈራለች?

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃት! የጡት ካንሰር ሕክምናዋን ጨርሳ ፍርሃቱ ለምን እንደባሰባት፣ ክትትሉስ እስከ መቼ እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔም በዚያው መንገድ አልፌያለሁ።

በተለምዶ በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ ሐኪም ያያታል፣ እስከ 5ኛው ዓመት በየ6 ወሩ ወይም በዓመት፣ ከዚያ በዓመት አንዴ። ማሞግራም፣ ማለትም የጡት ራጅ፣ በየዓመቱ ነው። ምንም አላመመኝም ብላ ቀጠሮ እንዳትዘል። ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚሰጠው ታሞክሲፌን የተባለ ክኒን ታዞላት ከሆነ ቢያንስ 5 ዓመት ይወሰዳል፤ ጸበል ብትሄድም ክኒኑን ይዛ ትሂድ እንጂ በፍጹም እንዳታቋርጥ። የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ደም ካየች ቀጠሮ አትጠብቅ። ከብብቷ የንፍፊት እጢ ወጥቶላት ከሆነ ደግሞ በዚያ በኩል እጇ ሊያብጥ ስለሚችል፣ እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ እንዳያቃጥላት ትጠንቀቅ፣ ክብደት ክብደት ካላትም ቶሎ ትናገር።

ፍርሃቱን በተመለከተ፣ እኔን ያሳረፈችኝ ወረፋ ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ናት። "እኔም ሌሊት እየተነሳሁ ደረቴን እዳብሳለሁ" አለችኝ። ቤተሰቦቼ "አሁንማ ድነሻል፣ እርሺው" ሲሉኝ ከርመው ነበር፣ በፍቅር ነው፣ ግን አፌን ነው የዘጋኝ። ከእሷ ጋር አልቅሼ ወጣልኝ። ዛሬም ከቀጠሮ በፊት እንደዋወላለን።

ስለዚህ እናትሽን ከታከመች ሴት ጋር አገናኚያት። የሚያክሟትን ነርሶች ጠይቂ፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የተባለውን ማኅበርም ጠይቂ። ቀጠሮዋ ቀን አብረሻት ሂጂ።